ቃልና አሜን፦ ስለ አጫጭር የራዲዮ ስብከቶች

፩

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ አዲስ ቅዳም የምትባል የአዊ ከተማ ትገኛለች። የፋግታ ለኮማ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ ቅዳም ማለት ቅዳሜ ነውና ስሟ ራሱ የገበያ ቀን ስም ነው። የደጋው ገበሬ ድንቹንና ገብሱን፣ ከዲከረንስ ዛፍ ያከሰለውንም ከሰል ይዞ ወደ ገበያ ይወጣል። ገበያ ግን ዕቃ ብቻ የሚለወጥበት ስፍራ አይደለም፤ ቃልም ይለወጥበታል። መርዶውና ምሥራቹ፣ የሠርጉ ጥሪና የሽምግልናው ቀጠሮ ሁሉ በዚያ ይነገራል። እንዲህ ያለው ቃል አንድ ቋሚ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ተናጋሪው ተናግሮ ብቻ የማይሄድ መሆኑ ነው። የተናገረ ይጠየቃል፤ የተጠየቀም ይመልሳል፤ የሰማውም ሰው «አሜን» ወይም «እንዴት ሆኖ?» ሳይል አይለይም።

ራዲዮ ወደ እንዲህ ያለ ስፍራ ሲገባ ሌላ ዓይነት ቃል ይዞ ይገባል። ተናጋሪው አይታይም፤ አይጠየቅም፤ ሰሚው ምን እንዳለ አይሰማም። ዜና ወይም የእህል ዋጋ ሲነገር ይህ ጉድለት ብዙ አይጎዳም፤ ዜናውን የሰማ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ይመረምረዋልና። ነገሩ የሚከብደው ቃሉ የነፍስ ምክር፣ የኀዘን ማጽናኛ፣ የጸሎት ጥሪ ሲሆን ነው። እንዲህ ያለ ቃል በባሕርዩ መልስ የሚፈልግ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ለተራው አድማጭ ተብለው የሚዘጋጁትን አጫጭር ክርስቲያናዊ የራዲዮ ንግግሮች ነው። ርዝመታቸው ከጥቂት ደቂቃ እስከ ሩብ ሰዓት ይሆናል። አሠራራቸው በየአገሩ እጅግ ይመሳሰላል፤ በመጀመሪያ ከዕለት ኑሮ የተወሰደ ትንሽ ታሪክ ይቀርባል፤ ከዚያ አንድ የመጽሐፍ ቃል ይነበባል፤ ቀጥሎ ምክሩ ይመጣል፤ በመጨረሻም አጭር ጸሎት ይደረጋል። ስለ እነዚህ ንግግሮች ሲነገር ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል። አንዱ ወገን ትምህርታቸው ከሃይማኖት ሥርዓት ጋር መስማማቱን ይመዝናል፤ ሌላው ወገን የአማርኛቸውን ጥራት ይመዝናል። ሁለቱም ፍርዶች ተገቢ ናቸው፤ ነገር ግን ሦስተኛና ከሁለቱ የሚቀድም ጥያቄ ይቀራል። ንግግሩ ለሰሚው መልስ ቦታ ትቶለታልን? የዚህ ጽሑፍ አሳብ የንግግሮቹ ብርታትም ሆነ ድካም በዚህ ጥያቄ ይለካል የሚል ነው።

፪

የንግግሩ ዓይነት በኢትዮጵያ የተወለደ አይደለም። በኢኳዶር ዋና ከተማ በኪቶ የተቋቋመው ኤች ሲ ጄ ቢ የተባለው የሚሲዮን ጣቢያ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1931 ነበር፤ በምዕራብ አፍሪካ በሞንሮቪያ ኢ ኤል ደብልዩ ኤ የተባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1954 ተከተለ። የእንግሊዝ አገር ራዲዮ ቢ ቢ ሲም እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በጧቱ የዜና ዝግጅት መካከል ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ «የዕለት አሳብ» ሲያሰማ ኖሯል። ሥራ ለመሄድ የሚቸኩል፣ ብቻውን ቁርሱን የሚበላ፣ ብቻውን የሚያዳምጥ ከተሜ የዚህ ንግግር ዓይነተኛ ሰሚ ነው። የንግግሩ ማጠር ራሱ ከዚህ ሰው ኑሮ የመጣ ነው።

በኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ ታላቁ ምሳሌ በአዲስ አበባ የተቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ነው። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው ይህ ጣቢያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ተመረቀ። እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ኃይል ባላቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች፣ ከ10 በሚበልጡ ቋንቋዎች፣ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ይናገር ነበር፤ አማርኛም ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ሥራውን በዳይሬክተርነት የመሩት የኖርዌይ ተወላጁ ሲጉርድ አስኬ ነበሩ። ጣቢያው የተከተለው ዕቅድ በቁጥር የተገለጸ ነበር፤ ከሥርጭቱ 30 በመቶ ያህሉ ለወንጌል ስብከት፣ 70 በመቶ ያህሉ ለትምህርት፣ ለዜናና ለኑሮ ማሻሻያ እንዲውል ተወስኖ ነበር። ይህ ዕቅድ በዘመኑ ከነበሩት የሚሲዮን ጣቢያዎች ብዙዎቹ ካሰቡት የሰፋ ነበር። ገበሬው ነፍስ ብቻ ሳይሆን ሥጋም፣ ልጅም፣ እርሻም ያለው መሆኑን የተገነዘበ ነበርና ምስጋና ይገባዋል።

በዚያው ዘመን በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ትንሹ የትራንዚስተር ራዲዮ ኤሌክትሪክ ወዳልደረሰበት አገር ሁሉ ይገባ ነበር። ስብከት ከደብሩ ቅጥርና ከሰባኪው እግር ተላቅቆ በአየር የሚደርስ ሆነ። የአጭር ሞገድ ድምፅ ግን አንድ ጊዜ እየቀረበ፣ አንድ ጊዜ እየራቀ ስለሚሰማ ረጅም ስብከት ለመከታተል አይመችም። ስለዚህ አጭር ንግግር ለመሣሪያውም የተስማማ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊስተዋል ይገባል፤ ማጠሩ ከሌላ አገር የብቸኛ አድማጭ ኑሮና ከመሣሪያው ጠባይ የመጣ እንጂ ከደጋው ሰሚ የንግግር ልማድ የመጣ አልነበረም።

፫

የዚህ ሰሚ የንግግር ልማድ ምን ይመስላል? አጭር ቃል ለእርሱ አዲስ ነገር አይደለም። ምሳሌያዊ አነጋገር ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም፤ ምርቃት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ እንቆቅልሽ ከዚያም ያንሳል። ነገር ግን እነዚህ አጫጭር የንግግር ዓይነቶች ሁሉ የሰሚውን መልስ እንደ አካላቸው ክፍል ይዘው የተሠሩ ናቸው። ተራቹ «ተረት ተረት» ሲል ሰሚው «የላም በረት» ካላለ ተረቱ አይጀመርም። እንቆቅልሽ ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ ፍቺው ቢጠፋው አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም አገሩን ተቀብሎ ፍቺውን ይናገራል። ያላወቀ ሰው እንኳ በዚህ ሥርዓት ባዶ እጁን አይቀመጥም፤ አለማወቁ ራሱ የጨዋታው ክፍል ሆኖ ይቆጠርለታል።

በምርቃትም እንዲሁ ነው። ሽማግሌው ምርቃቱን በሐረግ በሐረግ እየከፈለ ይናገራል፤ በየሐረጉ መጨረሻ የተሰበሰበው ሰው «አሜን» ይላል። ሽማግሌው የሚያርፈው ለትንፋሽ ብቻ አይደለም፤ አሜኑን ለመቀበል ነው። አሜን ያልተባለበት ምርቃት የተመረቀ አይባልም፤ በአየር ላይ የቀረ ቃል ነው። በቤተ ክርስቲያንም ቢሆን የቅዳሴው መጽሐፍ ካህኑ የሚለውን፣ ዲያቆኑ የሚለውንና ሕዝቡ የሚለውን በየምልክቱ ለይቶ ያመለክታል፤ የሕዝቡ ድርሻ በካህኑ ሊተካ አይችልም። በጎጃም የቅኔ ጉባኤ፣ ስሟ በቅኔ በታወቀው በዋሸራም ሆነ በሌላው፣ ቅኔ የሚያቀርበው ሰው ሰሙንና ወርቁን ባስተካከለ ጊዜ ከአድማጮቹ «ይበል» ይሰማል። ዝምታ ካጋጠመው ፍርዱን አውቆታል።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ቀላል ነው። በዚህ ባህል ውስጥ መስማት ማለት ዝም ብሎ መቀበል አይደለም፤ መስማት ሥራ ነው፤ ሥራውም በድምፅ ይፈጸማል። የራዲዮ ስብከት ከሩቅ አገር የተለየ የመስማት ሥርዓት ይዞ መጣ፤ ይህም የብቸኛውና የዝምተኛው ሰሚ ሥርዓት ነው። ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ ቤት ውስጥ ተገናኙ።

ይህ የልማድ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ሰው ወደ ራሱ ወደ ወንጌሉ ቢመለከት ይበጀዋል። በወንበዴዎች እጅ ስለ ወደቀው መንገደኛና ስለ ሳምራዊው የተነገረው ምሳሌ በተናጋሪው ፍርድ አያልቅም፤ በጥያቄ ያልቃል፤ ፍርዱንም በአፉ የሚናገረው ጠያቂው የሕግ አዋቂ ራሱ ነው። በሐዋርያት ሥራ 8ኛ ምዕራፍ የተነገረለት ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም ሲያነብ የቆየውን ቃል በዝምታ አልተቀበለም፤ ነቢዩ ይህን ስለ ማን እንደ ተናገረ ፊልጶስን ጠየቀው። ፊልጶስም ቃሉን ከሩቅ አሰምቶ አልሄደም፤ ሠረገላው ላይ ወጥቶ አብሮት ተቀመጠ። በመጽሐፍ ውስጥ ኢትዮጵያዊው ሰሚ በመጀመሪያ የሚታየው እየጠየቀ ነው።

፬

የመልሱ ቦታ መታጣት ከሁሉ ይልቅ በቋንቋው ላይ ይታያል። በእንግሊዝኛ የራዲዮ ተናጋሪ አድማጩን ሲጠራ ወንድም ሆነ ሴት፣ አንድም ሆነ ብዙ፣ ታላቅም ሆነ ታናሽ በአንድ ቃል ይጠራዋል። ስለዚህ የቅርብ ወዳጅ መስሎ ለሚሊዮን ሰው መናገር ይቻለዋል። አማርኛ ግን ይህን አይፈቅድም። ተናጋሪው «አንተ» ወይም «አንቺ»፣ «እናንተ» ወይም «እርስዎ» ብሎ መምረጥ አለበት፤ በመረጠም ጊዜ ከአድማጮቹ አንዱን ጠርቶ ሌላውን ይተዋል። በአንድ የአዊ ቤት ምድጃ ዙሪያ አያት፣ አባት፣ ምራትና ሕፃን አብረው ራዲዮ ሲያዳምጡ «አንተ ዛሬ ልብህ አዝኗልን?» የሚል ድምፅ ቢመጣ ማንን ነው የጠራው? አያቱን ከሆነ ማክበር ጎደለው፤ ምራቷን ከሆነ በስሟ አልጠራትም፤ ሕፃኑን ከሆነ ጥያቄው የእርሱ አይደለም። «ውድ አድማጮቻችን» ብሎ በብዙ ቁጥር የጀመረው ተናጋሪ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ወደ «አንተ» ሲዞር የሚሰማው መንገዳገድ ከተናጋሪው የአማርኛ እውቀት ማነስ የመጣ አይደለም። የንግግሩ ቅርፅ ለብቸኛ ሰሚ የተሠራ ሲሆን ቋንቋው ግን በሰው መካከል የሚቀመጥ ሰሚን ስለሚያውቅ ነው።

ለአዊ ሰሚ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ርቀት አለ። በቤቱ አዊኛ ይነጋገራል፤ በቤተ ክርስቲያን ግእዝ ይሰማል፤ በገበያና በመሥሪያ ቤት አማርኛ ይናገራል። ከእነዚህ ሦስት ቋንቋዎች እያንዳንዱ የራሱ ስፍራና ክብር አለው። የብሥራተ ወንጌል ቃል የደረሰው በአማርኛ ነበር፤ የደረሰበት ስፍራ ግን ቤት ነበር። ከምድጃው አጠገብ፣ የቤት ቋንቋ በሚነገርበት ሰዓት፣ የገበያና የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ስለ ነፍስ ጓዳ መናገር ጀመረ። አማርኛውን ሰሚው አልሳተውም፤ የቋንቋ ሊቃውንትም አማርኛ ራሱ የአገው ቋንቋዎችን አሻራ የያዘ መሆኑን ካሳዩ ቆይተዋል። ነገር ግን መረዳትና መመለስ የተለያዩ ናቸው። ሰው በሁለተኛ ቋንቋው ብዙ ይረዳል፤ ልቅሶውንና ጸሎቱን ግን ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ይመልሳል። ዛሬ የአማራ ብዙኃን መገናኛ በአዊኛ ጭምር ማሠራጨቱ ይህን ርቀት በሌላው ዘርፍ አጥብቦታል፤ ለአጭሩ ስብከትም ትምህርት ሊሆነው ይገባል።

ስለ ምሳሌ አመራረጥም እንዲሁ ሊባል ይቻላል። የንግግሩ መግቢያ የሚሆነው ትንሽ ታሪክ ከሌላ አገር ተተርጉሞ ሲመጣ አሳንሰር፣ የባቡር ጣቢያ፣ የባንክ ሒሳብ ይዞ ይመጣል። ሰሚው ትርጉሙን ሊረዳው ይችላል፤ ነገር ግን ሊጨምርበት የሚችለው ነገር የለውም። ለማነጻጸር ያህል ስለ ቁጣ የሚናገር ሰው ከፋግታ የከሰል ሥራ ምሳሌ ቢወስድ ነገሩ ሌላ ይሆናል። የተቆለለው እንጨት በሣርና በአፈር ተሸፍኖ፣ አየሩ ተለክቶለት፣ በዝግታ ሲነድ ከሰል ይሆናል፤ አፈሩ ተሰንጥቆ አየር በብዛት የገባበት እንደ ሆነ ነድዶ አመድ ይሆናል። ተናጋሪው ይህን ያህል ብቻ ተናግሮ «ሌሊቱን ክምሩን ማን ይጠብቃል?» ቢል፣ ሥራውን የሚያውቀው ሰሚ የቀረውን ራሱ ይሞላዋል፤ ምናልባትም ተናጋሪው ያላሰበውን ይጨምርበታል። የመጀመሪያው ምሳሌ ሰሚውን ተማሪ ብቻ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው አዋቂም ያደርገዋል።

፭

ለዚህ ሁሉ «ጣቢያው መልስ ይቀበል ነበር፤ ደብዳቤ ይጎርፍለት ነበር» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። እውነት ነው፤ ከአድማጮች ብዙ ደብዳቤ ይደርሰው ነበር። በሌላም አገር ደብዳቤ ራሱን የራዲዮ ንግግር እስከ መለወጥ ደርሷል። እንግሊዛዊው ደራሲ ሲ. ኤስ. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1941 በቢ ቢ ሲ ስለ ክርስትና ሩብ ሩብ ሰዓት የሚወስዱ ንግግሮች ማሰማት ሲጀምሩ ከአድማጮች የመጣው ጥያቄ እጅግ ስለ በዛ አንድ ተጨማሪ ንግግር ለመልሱ ብቻ እንዲውል ተደርጎ ነበር። ነገር ግን ይህ የሆነው ማንበብና መጻፍ ሁሉን ባዳረሰበት፣ ፖስታ በየቤቱ በሚደርስበት አገር ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. በኢትዮጵያ ገጠር ደብዳቤ መጻፍ የሚችለው ከሞላ ጎደል ተማሪው ብቻ ነበር። ስለዚህ ደብዳቤው የተማሪውን ልብ ለጣቢያው ያሳውቅ ነበር እንጂ የአያቱን ወይም የእናቱን ልብ አያሳውቅም። በደብዳቤ የሚለካ አድማጭ ከብዙዎቹ መካከል ብዕር የያዘው ብቻ ነው።

ሌላ ዘዴ አልታወቀም ነበር ማለትም አይቻልም። በካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ ገበሬዎች በቡድን ተሰብስበው የራዲዮ ንግግር የሚያዳምጡበት፣ ከዚያም ተወያይተው አሳባቸውን ወደ አዘጋጆቹ የሚልኩበት ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። በህንድ በፑና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1956 ዩኔስኮ የረዳው ተመሳሳይ ሙከራ በመንደሮች ተደርጓል። እዚያ ማንበብ የማይችለው ገበሬ በቡድኑ አፍ ይመልስ ነበር። ማኅበርና ሰንበቴ፣ ዕድርም ባለበት አገር ሰውን በቡድን መሰብሰብ ከቶ አዲስ ሥራ ባልሆነ ነበር።

የ30ና የ70 በመቶው ሒሳብም በዚህ ዓይን ሲታይ ድካሙ ይገለጣል። ሒሳቡ የሚቆጥረው ከማሠራጫው የሚወጣውን ብቻ ነው፤ የተመለሰውን የሚቆጥር ሦስተኛ ድርሻ የለውም። ከዚህም በላይ ወንጌሉን በአንድ ወገን፣ ኑሮውን በሌላ ወገን ይከፍላል። ስለ እህል ነቀዝ የሚናገረው ሰው ስለ ነፍስ አይናገርም፤ ስለ ነፍስ የሚናገረውም ነቀዙን አያነሣም። የገበያው ሰው ግን ነቀዙንና ጸሎቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያነሣቸዋል።

ለዚህ አከፋፈል ብርቱ መልስ የመጣው ከኢትዮጵያ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊዋ በነበሩበት ጊዜ፣ በ1964 ዓ.ም. ስለ ወንጌል ስብከትና ስለ ሰው ልማት ግንኙነት ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፈች። የደብዳቤው አሳብ በአጭሩ የምዕራብ አገር ረጂዎች ልማትን ከስብከት ለይተው መርዳታቸው የአፍሪካን ሰው አይገልጸውም፤ ሰው ሁለንተናው አንድ ነው፤ ረሃቡም ጸሎቱም አብረው ይታያሉ የሚል ነው። ደብዳቤው ስለ ራዲዮ ተብሎ የተጻፈ አይደለም። ነገር ግን የተጻፈው ለጣቢያው ባለቤት ለፌዴሬሽኑ ስለ ሆነ የሰሚው ወገን ለተናጋሪው ወገን የሰጠው መልስ ሆኖ ሊነበብ ይገባዋል። ቄስ ጉዲና ከ7 ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ፤ ያነሡት ጥያቄ ግን አልተዘጋም።

፮

የነገሩ ክብደት በግልጽ የታየው መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን ወታደራዊው መንግሥት ጣቢያውን ወረሰው፤ ስሙም የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። ማሠራጫዎቹ እነዚያው ነበሩ፤ በየቤቱ የተቀመጠውም ራዲዮ ያው ነበር። በአንድ ቀን ውስጥ ከዚያው ሳጥን ሌላ ስብከት ይወጣ ጀመር።

ለዚህ ግፍ ተጠያቂው የወረሰው እንጂ የተወረሰው አይደለም። ሆኖም ሐያሲ ሊያልፈው የማይገባ አንድ ትምህርት አለ። አንድ ቄስ ከደብሩ በግድ ቢነሣና በቦታው ሌላ ሰው ቢቆም ሕዝቡ ወዲያው ያውቃል፤ ይጠይቃል፤ አሜኑንም ይከለክለዋል። በአሜን የሚጸና ቃል አሜን በመከልከል ይፈርሳልና። ለ14 ዓመት ያህል የተሰማው የራዲዮ ስብከት ግን ሰሚውን ከማይታይ ድምፅ ምክር እንዲቀበል አለመደው እንጂ መልስ የሚከለክልበትን ሥልጣን አልሰጠውም። ስለዚህ ድምፁ ሲለወጥ ሰሚው ያለው ምርጫ መዝጋት ወይም ዝም ብሎ መስማት ብቻ ሆነ። መልካም ዘር የተዘራበት የዝምታ ልማድ ለሌላ ዘሪም ተመቸ። ቅርፅ ከይዘት ይልቅ ዕድሜው ረጅም መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

በሌላው ወገን ለንግግሮቹ የሚገባቸውን ፍርድ መንፈግ አይገባም። ከቤት መውጣት ለማይችል በሽተኛ፣ ልጅ ታቅፋ ለምትውል እናት፣ በመንገድ ለሚያድር ነጋዴ፣ ሰባኪ በማይደርስበት ሰዓት የደረሰ የማጽናኛ ቃል ዋጋው ቀላል አይደለም። ሥልጣን ካለው የአዋጅ ድምፅ በቀር ሌላ ድምፅ ባልለመደ ራዲዮ ውስጥ በለሆሳስ የሚናገር ሰው መሰማቱም ራሱ አዲስ ነገር ነበር። ሰሚዎችም ቢሆኑ የጎደለውን ከራሳቸው ሞልተውታል። ጥጥ እየፈተለች የምትሰማ ሴት ከራዲዮው ጸሎት በኋላ «አሜን» ስትል፣ ሽማግሌው ንግግሩ ካለቀ በኋላ «ይህስ ደግ ተናገረ፤ ያኛው ግን…» ብሎ ሲጀምር፣ ከሌላ አገር የመጣው ቅርፅ በአገሩ ሥርዓት ይጠመቃል። ይህ ግን የሰሚው ጥበብ ነው፤ ለተናጋሪው ሊቆጠርለት አይገባም። ተናጋሪው ከጸሎቱ በኋላ አላረፈላትም፤ አሜኗ የደረሰው በዜማ ማሰሪያው ላይ ነው።

፯

ከ1969 ዓ.ም. በኋላ አጭሩ ስብከት አልጠፋም። በሲሸልስ ደሴቶች የነበረው ፌባ የተባለው ጣቢያ የአጭር ሞገድ ሥርጭቱን እ.ኤ.አ. በ2003 እስካቆመ ድረስ ወደ ኢትዮጵያ በአማርኛ ይናገር ነበር። በአገር ውስጥ አዋጅ ቁጥር 533/1999 ለሃይማኖት ድርጅቶች የሥርጭት ፈቃድ ይከለክል ነበር፤ ያ አዋጅ በ2013 ዓ.ም. በወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ተተክቷል። ዛሬ ግን አጭሩ ስብከት ከማሠራጫ ጣቢያ ይልቅ በእጅ ስልክ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ይታያል። መሣሪያው ከራዲዮ የተለየ ነው፤ በስልክ የሰማ ሰው በስልክ ሊመልስ ይችላልና። ቅርፁ ግን ብዙ ጊዜ ያው የቀድሞው ነው፤ ትንሽ ታሪክ፣ ጥቅስ፣ ምክር፣ ጸሎት፣ ከዚያም ዝምታ። በሩ ተከፍቶ ሳለ ተናጋሪው እንደ ተዘጋ ቆጥሮ ይናገራል።

የሚሻለው መንገድ ሩቅ አይደለም፤ ብዙ ወጪም አይጠይቅም። ምርቃት በየሐረጉ እንደሚያርፍ ጸሎቱም ለአሜን ቢያርፍ የሚጠፋው ጥቂት ሰከንድ ነው። እንቆቅልሽ ፍቺውን እንደሚያቆይ ንግግሩም ጥያቄውን ዛሬ አንሥቶ ፍቺውን ለነገ ቢያቆየው፣ ሰሚው ሌሊቱን ከቤተ ሰቡ ጋር ይመክርበታል። ተናጋሪው «አንተ» በማለት ፈንታ የቤቱን ሰዎች በየማዕረጋቸው ቢጠራ አያትም ሕፃንም ድርሻቸውን ያገኛሉ። ማኅበርና ሰንበቴ ቃሉን የሚሰሙበት ብቻ ሳይሆን የሚመልሱበትም ስፍራ ቢሆኑ ማንበብ የማይችለው ሰው በአፉ ይመልሳል። እነዚህ ሁሉ ከዚሁ አገር የንግግር ሥርዓት የሚወሰዱ እንጂ ከውጭ የሚመጡ አይደሉም።

የባህል ተመራማሪም በዚህ ረገድ ያልሠራው ሥራ አለ። ስለ ራዲዮ የሚጻፈው በአብዛኛው ስለ ማሠራጫው ኃይል፣ ስለ ዝግጅቱ ይዘትና ስለ ባለቤቱ ዓላማ ነው። በሌላኛው ጫፍ፣ ራዲዮ በተከፈተበት ቤት ውስጥ ማን እንደ ተናገረ፣ ማን «አሜን» እንዳለ፣ ማንስ ዝም እንዳለ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደ ተመለሰ በመዝገብ የተያዘው እጅግ ጥቂት ነው። ብሥራተ ወንጌልን በየቤታቸው የሰሙ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በአዊም ሆነ በሌላው አገር ዛሬም አሉ፤ ዕድሜ ግን አይጠብቅም። የሰሙትን ብቻ ሳይሆን የመለሱትን መጠየቅ ይገባል። ስለ እነዚህ ንግግሮች የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው የእነርሱ ምስክርነት ነው።